ወንድሜ በርሜል ውስጥ የገባበት ፊልም

ወንድሜ ሲያስቅ እኔ አልስቅም ነበር። ይህን ቀድሜ መናገር ያለብኝ ዛሬ ሰው ሁሉ «ያሳደገችው እህቱ ናት፤ ቀልዱንም ከእሷ ነው የወረሰው» ስለሚል ነው። ከእኔ አልወረሰም። ሆሳዕና ውስጥ አራተኛ ክፍል ሒሳብ አስተምራለሁ፤ ተማሪዎቼን ብትጠይቋቸው ስለ ፊቴ ይነግሯችኋል። እናታችን ስትሞት እሱ ስድስት ዓመቱ ነበር፣ እኔ አሥራ ስድስት። ያሳደግኩት በቁጣ ነው። እሱ ደግሞ ቁጣዬን እያስመሰለ፣ ጎረቤቱን እያሳቀ አደገ። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር የሚባለው ለእኛ ነው።

መጀመሪያ ሰው ፊት የቆመው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው። ለገና በተዘጋጀ ድራማ ላይ በግ ሁን ተባለ። በግ ደግሞ ንግግር የለውም። ያ ልጅ ግን በረት ውስጥ ተኛ ሲሉት ሦስት ጊዜ ዞሮ፣ ቦታውን አሽትቶ፣ አልተመቸኝም የሚል ፊት አሳይቶ ሲተኛ ጉባኤው በሳቅ ፈረሰ። ዘማሪዎቹ መዝሙራቸውን መጀመር አቃታቸው። አባታችን ከኋላ ወንበር ላይ ነበር። ከእናቴ ሞት ወዲህ ጥርሱን ያየሁት ያን ቀን ነው። ወንድሜም ያየው ይመስለኛል፤ ከዚያ በኋላ በቀለደ ቁጥር መጀመሪያ የሚያየው የአባቱን ፊት ሆነ።

አደገና አዲስ አበባ ሄደ። ስልክ ላይ በሚለቀቁ አጫጭር ቪዲዮዎች ታወቀ። ከገጠር የመጣ የሀዲያ ሰው እየሆነ፣ አማርኛውን እየሰባበረ ነበር የሚያስቀው። እኔ ተናደድኩ። ልጆቻችን ክፍል ውስጥ አፋቸውን ለመክፈት የሚያፍሩት በዚሁ ሳቅ ምክንያት መሆኑን የማውቀው እኔ ነኝ። ደውዬ «የእኛን አፍ ሸጠህ ነው የምትበላው?» አልኩት። «እታለም፣ ሌላው ሸጦት ከሚበላ እኔ ብበላው አይሻልም?» አለኝ። ስልኩን ዘጋሁበት።

ከዚያ ፊልሙ መጣ። የጦርነት ፊልም ነው፤ ግን አስቂኝ ነው። ገበያ ላይ ታፍሶ ወደ ግንባር የተወሰደ አንድ ገበሬ፣ ተኩስ አልሆን ሲለው የወታደሮች ምግብ አብሳይ ይደረጋል። ወንድሜ ምግብ አብሳዩ ነው። በትልቁ ሚና ሲሠራ የመጀመሪያው ነበር። እዚያ ፊልም ላይ አማርኛውን አልሰባበረም፤ እንደ አባታችን ቀስ ብሎ፣ ቃል እየመረጠ ነው የተናገረው። ይህን ያስተዋልኩት ግን በኋላ ነው።

አሁን ስለ አባቴ መናገር አለብኝ። አባቴ በደርግ ጊዜ በትውልድ ቀዬው በሀቢቾ ገበያ ገብስ ሊሸጥ ወጥቶ፣ በአፈሳ ለብሔራዊ ውትድርና የተወሰደ ሰው ነው። አብሮት የታፈሰ አንድ የልጅነት ጓደኛ ነበረው፤ እሱ አልተመለሰም። አባቴ ተመለሰ፣ አገባ፣ መናኸሪያ ተራ አስከባሪ ሆነ። እስከ ዛሬ ሳይነጋ ተነስቶ ጫማውን እንደ ወታደር ይወለውላል። ስለ ጦርነቱ ግን አያወራም። ሆድ ይፍጀው ብሎ የዘጋው ነገር ነው። እኔ የማውቀው አንድ ጊዜ ብቻ ሲያወራ ነው።

ወንድሜ የአሥር ዓመት ልጅ ሳለ አንድ ክረምት ከባድ በረዶ ወረደ። ቆርቆሮው ሲደበደብ ልጁ ፈርቶ አልጋ ሥር ገባ። አባቴ ጎንበስ ብሎ «አትፈር፤ እኔም ፈርቼ አውቃለሁ» አለው። ከዚያ ነገረው። ከባድ መሣሪያ መተኮስ ሲጀምር እሱ የወታደሩን ቀለብ ያበስል ነበር። ጓደኛው ሳህን ይዞ ፊት ለፊቱ ቆሟል። አባቴ ባዶ የውሃ በርሜል ውስጥ ገባና ክዳኑን ከላዩ ከደነ። ሲወጣ ጓደኛው ሞቷል። «በርሜሉ ለሁለት ይበቃ ነበር» ሲል ሰማሁት። ይህ ለልጁ ብቻ የተነገረ ነው፤ እኔ የሰማሁት የቤታችን ግድግዳ ቀጭን ስለሆነ ነው።

ወንድሜ ያንን በርሜል ፊልም ውስጥ አስገባው።

አባቴ ያየው መናኸሪያ ውስጥ ነው፣ ያውም በአጋጣሚ። ለአዲስ አበባ ተራ የያዘ አውቶቡስ ተሳፋሪው ሞልቶ እንደሆነ ሊያይ ወጣ። ከሾፌሩ በላይ በተሰቀለችው ቴሌቪዥን ፊልሙ ተከፍቷል። ሰው ሆዱን ይዞ ይስቃል። ቀና ቢል የገዛ ልጁ በርሜል ውስጥ ነው። የጭልፋው እጀታ በክዳኑ ሥር ወጥቶ ይታያል፤ በርሜሉ ይንቀጠቀጣል፤ ክዳኑ እንደ አፍ እየተከፈተ እየተዘጋ ይንቀጫቀጫል። አባቴ ተሳፋሪውን ሳይቆጥር ወረደ።

ቤት መጥቶ ያለኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «ነውሬን ለመንገደኛ ሸጠው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ የልጁን ስልክ አያነሳም። ስሙንም አይጠራም። መናኸሪያ ያሉት ተሸካሚዎችና ረዳቶች ነገሩን ስለማያውቁ በየቀኑ «ልጅህ እኮ ገደለን በሳቅ» ይሉታል። «ይሁን» ይላቸዋል። እንዲህ ሲላቸው ሰምቼ አንጀቴን በልቶኛል፤ ተናድጄበትም አውቃለሁ። ልጁን ቁጭ ብሎ እንደ ማናገር፣ እኛ ቤት ሁሉም ነገር በዝምታ ነው የሚቀጣው።

ወንድሜ እየደወለ ይለምነኝ ጀመር። «እታለም፣ በርሜሉን ብቻ ነው ያየው። ከበርሜሉ በኋላ ያለውን አላየም። እስከ መጨረሻው ይየው፤ ከዚያ ከተቆጣ እኔ ራሴ መጥቼ እግሩ ላይ እወድቃለሁ።» ፊልሙን በፍላሽ ገልብጦ በአውቶቡስ ሾፌር ላከልኝ። ብቻዬን አየሁት። እንደ ልማዴ አልሳቅኩም፤ መጨረሻው ላይ ግን ተነስቼ ፊቴን ታጠብኩ። ለአባቴ ማሳየት እንዳለብኝ ያኔውኑ አውቄያለሁ።

አላሳየሁትም። መጀመሪያ ፈተና ይለፍ አልኩ። ከዚያ አባባ ጉንፋን ይዞታል አልኩ። ከዚያ ዛሬ ፊቱ ጠቁሯል አልኩ። ነገ ዛሬ ስል አምስት ወር ሄደ። ፍላሹ ከጠመኔዎቼ ጋር ቦርሳዬ ውስጥ ይዞር ነበር። ስንፍና ነው ብል ይቀለኛል፤ ስንፍና ግን አይደለም። በሁለቱ መሃል መልእክተኛ መሆን ሰልችቶኝ ነበር። ልጅነቴን ሁሉ ያንን ስሠራ ኖሬያለሁ።

ወንድሜ አንድ ሰኞ ቀን ራሴን አመመኝ ብሎ ተኛ። ያን ዕለት ደውሎልኝ ነበር። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ አብሮት የሚኖረው ልጅ ደወለልኝ። የመምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ነበርኩ። ልጁ ስሜን ጠርቶ ማልቀስ ጀመረ፤ ሌላ ነገር ሳይናገር ገባኝ።

ሀቢቾ ላለው አጎቴ፣ ለአባቴ ታላቅ ወንድም፣ ደወልኩ። ሰማኝና «እኔ ሳልደርስ አፍሽን እንዳትከፍቺ» አለኝ። መርዶ በእኛ ዘንድ በስልክ አይነገርም፣ በምሽትም አይነገርም። ሲነጋ ነው፤ ሰው ተሰብስቦ ነው፤ የሚናገረውም የቤተሰቡ ታላቅ ነው። እስከዚያ ባለቤቱ ብቻ ሳያውቅ ከተማው ሁሉ ያውቃል። ሰው ብቻውን ልቡ እንዳይሰበር ታስቦ የተሠራ ሥርዓት ነው ይላሉ። ይሁን። ያን ምሽት የአባቴን ስልክ ቻርጅ ላድርግልህ ብዬ ወስጄ ሲሙን አወጣሁበትና ደበቅኩት፤ ምክንያቱም የዛሬ ስልክ ከሽማግሌ ቀድሞ ያረዳል። እራት አቀረብኩለት። በላ። ከዚህ በላይ ስለዚያ ምሽት አልጽፍም።

በነጋታው ገና አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሰው መምጣት ጀመረ። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች፣ የዕድራችን ዳኛ፣ ከሞርሲቶ የመጡ ሁለት የአባቴ ዘመዶች፣ ጎረቤቶች። ሴቶቹ እኛ ቤት ሳይገቡ ጎረቤት ተሰብስበው ይጠባበቃሉ። አስከሬኑ ከአዲስ አበባ ተነስቷል፤ አምስት ሰዓት ገደማ ይደርሳል ተብሏል። ከዚያ በፊት መነገር አለበት። አጎቴ ግን የለም። ሌሊቱን ዘንቦ መኪናው ጭቃ ይዞታል፤ በእግሩ ተነስቷል አሉ።

አባቴ ጫማውን ወልውሎ ወደ ሥራው ሊሄድ በሩን ሲከፍት ኮት የለበሱ ሽማግሌዎች ግቢው ውስጥ ቆመዋል። አንድ በአንድ አያቸው። እኔ ከኋላው ቆሜ ነበር።

አባቴ ሳቀ።

«ሽማግሌ ላከብኝ?» አለ። «ያ ልጅ ሽማግሌ ላከብኝ?»

 ምን ይበሉት? በማለዳ ኮት ለብሶ፣ ሳይጠራ፣ አንገቱን ደፍቶ የሚመጣ ሰው ለአማላጅነት የመጣ ሽማግሌ ይመስላል። አባቴ ደግሞ ወራት ሙሉ ይህን ሲጠብቅ ነበር። ሲጠብቅ እንደነበር ያን ጊዜ ነው የገባኝ፤ ፊቱ ላይ እፎይታ አየሁ።

«ግቡ» አላቸው። «በር ላይ ዕርቅ የለም። ግቡ።»

ገቡ። ከቤተ ክርስቲያን የመጡት ትልቁ ሽማግሌ አጠገቤ ሲደርሱ «ታላቁ እስኪመጣ እንቆይ» ብለው አንሾካሾኩልኝ። አባቴ ወንበር ሲያመጣ፣ ፍራሽ ሲያነጥፍ፣ ሽር ጉድ ሲል እንደ ሙሽራ ቤት ሆነ። ሁሉም ከተቀመጡ በኋላ ቆሞ ተናገረ።

«እንድትለምኑኝ አልፈልግም። ልጄ ነው። በነውሬ ቀልዶብኛል፤ ግን ሙሉውን አላየሁም። ሙሉውን ሳያይ የሚፈርድ ሰው ትክክል አይደለም። ከእናንተ ጋር ላየው። ከዚያ እናንተው ፍረዱ።» ወደ እኔ ዞረ። «አንቺ ጋር አይጠፋም።»

ሽማግሌዎቹን አየሁ። ትልቁ ሽማግሌ ዓይናቸውን ጨፍነው ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። ዛሬም ድረስ ትክክል ይሁኑ ስህተት አላውቅም። ፍላሹን ከቦርሳዬ አወጣሁ። ቴሌቪዥኑ ላይ ለመሰካት ሦስት ጊዜ ሞከርኩ። «ዛሬ ምን ነካሽ?» አለ አባቴ።

ወንድሜ ብቅ አለ። ገበያ ላይ ነው፤ ገብስ ይሸጣል። የሚያፍሱት ወታደሮች ሲመጡ፣ ሰው ሁሉ ሲሸሽ፣ እሱ ገብሱን ሰፍሮ ለመጨረስ ይጣደፋል። አባቴ መጀመሪያ በአፍንጫው ሳቀ። ወንድሜ ጠመንጃውን ሽንኩርት ማንጠልጠያ ያደርገዋል። አለቃው ሲመጣ በጭልፋ ሰላምታ ይሰጣል፤ ወጡ ከጭልፋው በክርኑ በኩል ወደ እጅጌው ይወርዳል፤ እሱ ግን እንደተገተረ ነው፤ ፊቱ ላይ የወጡ ትኩሳት ቀስ እያለ ሲወጣ ይታያል። አባቴ ጉልበቱን መታ። «እንዲህ ነበርን!» አለ። «እውነቱን ነው፣ እንዲህ ነበርን።»

ሽማግሌዎቹም ሳቁ። መጀመሪያ ለማስመሰል ነው። በኋላ ግን አንዱ እውነተኛ ሳቅ አመለጠው፤ ደንግጦ አፉን በእጁ ያዘ። ጥርስ ባዳ ነው ይባላል። ትልቁ ሽማግሌ ይስቃሉ፣ እንባቸው ይወርዳል፣ በነጠላቸው ይጠርጋሉ። አባቴ ዞሮ አያቸውና «አየሽ፣ ሰው እስኪያለቅስ ያስቃል» ያለኝ ያህል በኩራት ወደ እኔ ዓይኑን ወረወረ። እኔ ሳቅኩ። በሕይወቴ ለወንድሜ ቀልድ የሳቅኩት ያን ቀን ነው። ሬሳው መንገድ ላይ ነበር።

ፊልሙ ውስጥ አንድ ጓደኛ አለው። ሁልጊዜ ሳህኑን ይዞ ይመጣና «ከሥሩ ጨምርልኝ» ይለዋል። ከድስቱ ሥር ያረረውን ቅንጬ ነው የሚወደው። ወንድሜ ሁልጊዜ «የሥሩ የአለቃ ነው» ብሎ ይመልሰዋል። ይህ አራት አምስት ጊዜ ይመላለሳል፤ በተመላለሰ ቁጥር የበለጠ ያስቃል።

ከዚያ ተኩሱ ጀመረ። ወንድሜ በርሜሉ ውስጥ ገባ። 

«ይሄን አይቼዋለሁ» አለ አባቴ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ «እንዝጋው ይሆን?» ሲል «አይዘጋም» አለ።

ተኩሱ አበቃ። ክዳኑ ቀስ ብሎ ተነሳ። ወንድሜ ክዳኑን ራሱ ላይ እንዳደረገ ቀና አለ። አካባቢውን አየ፤ ጓደኛው ወድቋል። እዚህ ላይ ሌላ ተዋናይ ቢሆን ይጮሃል፣ መሬት ላይ ይወድቃል። እሱ አላለቀሰም። ከበርሜሉ ወጣ፣ ልብሱን አራገፈ፣ የጓደኛውን ሳህን ከመሬት አነሳና በሸሚዙ ጠረገው። ወደ ድስቱ ሄደ። ከሥሩ፣ ያረረውን፣ እየፋቀ ሳህኑን ሞላ። ጓደኛው አጠገብ ቁጭ ብሎ ሳህኑን አስቀመጠለት። «ይኸው፣ ከሥሩ ነው» አለው። ጠበቀ። «ለአለቃ እንዳትነግር» አለው። ጠበቀ። ያው የቀልድ ድምፁ ነው፤ ምንም አልተለወጠም። «ይበርዳል እኮ» አለው። ክዳኑ አሁንም ራሱ ላይ ነው።

አባቴ ከወንበሩ ወደ ፊት ጎንበስ ብሎ ነበር። ፊልሙ አልቆ ጽሑፉ ሲወርድም እንደዚያው ነው።

«ይሄን አልነገርኩትም» አለ በመጨረሻ። «እኔ እኮ ሮጥኩ። ሳህኑን እንኳ አላነሳሁለትም። እስከ ዛሬ...»  በጣቱ ወደ ቴሌቪዥኑ አመለከተ። «ልጄ ሰጠልኝ። እኔ ያልሰጠሁትን ልጄ ሰጠልኝ።»

ተነስቶ ስልኩን ፈለገ። ቻርጁ ላይ አጣው። «ደውይለት» አለኝ። «አምጪው፣ እኔ ነኝ የማናግረው። ፈርጄበት ነበር በይው... ተይው፣ እኔው እነግረዋለሁ።»

እኔ ቆሜ ቀረሁ። ስልኬ እጄ ላይ ነው።

«ምን ሆነሻል? ደውይ እንጂ።»

ከዚያ ዞረ። ሽማግሌዎቹን እንደገና አያቸው። አሁን የሚስቅ የለም። ዓይኑ ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው ሄደ፤ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ አውቶቡስ ውስጥ ሰው እንደሚቆጥረው እየቆጠረ ነበር።

«ለዕርቅ» አለ፣ «ሦስት ሰው ይበቃ ነበር።»

መሬት ላይ ቁጭ አለ። የወለወለውን ጫማ ማሰሪያ መፍታት ጀመረ። ማንም ቃል አልተነፈሰም፤ የሚናገረው ሰው ገና አልደረሰምና። አጎቴ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ በሩ ላይ ሲቆም አባቴ ሁለቱንም ጫማዎቹን አውልቆ ጎን ለጎን አስቀምጧቸው ነበር። አጎቴ መንገድ ሙሉ ሲያዘጋጅ የመጣውን ቃል ሊጀምር አፉን ከፈተ። «ግባ፣ ደክሞሃል» አለው አባቴ። «ነግረውኛል።» ከዚያ ነው የጮኸው። እንዲያ ያለ ድምፅ ከሰው ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም። ጎረቤት የተሰበሰቡት ሴቶች ግቢውን ሞሉት።

ሀቢቾ ቀበርነው። በሦስተኛው ቀን ድንኳን ውስጥ ተቀምጠን፣ ሰው ትንሽ ሳሳ ሲል አባቴ ወደ እኔ ጠጋ አለ።

«መጨረሻ የደወለልሽ መቼ ነው?»

«ሰኞ። ራሴን አመመኝ ያለ ዕለት።»

«ስለ እኔ ጠየቀሽ?»

«ጠየቀኝ። አባባ ፊልሙን አየው ወይ አለኝ።»

 መጠየቁን ፈርቶ ነበር። «ምን አልሽው?»

«አይቶታል አልኩት» አልኩ። «እስከ መጨረሻው አይቶ፣ በጣም ሳቀ፣ ልጄ ይመጣል ወይ ብሎ ጠየቀኝ አልኩት።»

«ሳላየው?»

«ሳታየው። ዋሸሁት፣ አባባ።»

እጁን ራሴ ላይ ጫነ። ሁለት ቀን ሙሉ እህል ያልቀመሰ ሰው እጅ ነው። «ተባረኪ» አለኝ። «ልጄን በባዶ ሆዱ አልሸኘሽውም። ተባረኪ።» አሁን ለመጣ ሰው ሁሉ ይህን ይናገራል። መናኸሪያ ውስጥ ይናገራል፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተነስቶ ተናግሮታል፤ «ልጄ ይቅር መባሉን ሰምቶ ነው የሄደው፣ እህቱ ነግራዋለች» ይላል። ሰዎች መጥተው እጄን ይጨብጡኛል።

ያን ሰኞ ወንድሜ ሲደውል የፈተና ወረቀት እያረምኩ ነበር። «እታለም፣ አየው?» አለኝ። «አላየውም። ሥራ ላይ ነኝ፣ አትጨቅጭቀኝ» አልኩት። «እሺ እታለም» አለኝ። ከእኔ የሰማው የመጨረሻ ቃል «አትጨቅጭቀኝ» ነው።

አባቴ በየጠዋቱ ወደ መናኸሪያ ከመውጣቱ በፊት በዚያ ውሸት ይመርቀኛል። እኔም አንገቴን ደፍቼ አሜን እላለሁ።